ጥዱ፣ ጭዱና ምስጡ፤ ስለ አሮጌ ቤቶች ጥገና ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር



አንድ የሕንፃ ባለሞያ አሮጌ ቤት እንዲመረምር ሲታዘዝ በእጁ ይዞ የሚሄደው ሜትር፣ ደብተርና እርሳስ ነው። ከቤቱ ደጃፍ ሲደርስ ግን በትምህርት ቤት ከተማረው የሲሚንቶና የብረት ስሌት ይልቅ ሌላ ዕውቀት ይፈለግበታል። ምሰሶው ከምን ዛፍ ተጠረበ? ከጭቃው ጋር የተቦካው ጭድ የጤፍ ነው ወይስ የገብስ? በግድግዳው ሥር ተጠግቶ ወደ ላይ የሚወጣው ቀጭን የአፈር መስመር የምን ፍጥረት ሥራ ነው? የጣራውስ ውስጥ እንዲህ የጠቆረው ለምንድን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልስ «የጭቃ ቤት ነው፤ አርጅቷል፤ ይፍረስ» ብሎ የሚፈርም መሐንዲስ ቤቱን አየው ይባል እንደሆነ እንጂ መረመረው ለማለት ያስቸግራል።

ነገሩ የቅንጦት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በፒያሳና በዙሪያው በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሥራ አያሌ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። መንገድ መስፋቱ፣ ከተማም መታደሱ የማይቀር ነው ቢባል እንኳ፣ ከአንድ ቤት ጋር አብሮ የሚጠፋው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ለይቶ ማወቅ የሙያው ግዴታ ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው ዕውቀት ብዙውን ጊዜ ተራ ነገር ተብሎ የሚታለፈው የዛፍ፣ የነፍሳትና የቤት ዕቃ ዕውቀት ነው።

ከዛፉ መጀመር ይገባል። በመጻሕፍት ጽድ፣ በተለመደው አነጋገር ጥድ የሚባለውን የሐበሻ ዛፍ የዕፀዋት ሊቃውንት ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ይሉታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው ምድር ይበቅላል። ከወገኖቹ ሁሉ በቁመት የሚበልጠው እርሱ ሲሆን፣ ሲመቸው እስከ 40 ሜትር ይደርሳል። ወንዴውና ሴቴው በአብዛኛው በየራሳቸው ዛፍ ላይ ናቸው፤ የሴቴዋን ጠቆር ያለች ሰማያዊ ፍሬ ወፎች እየበሉ ዘሩን ያዛምቱታል። አስተዳደጉ ዝግ ያለ ነው። የእንጨቱ ልብ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ሽታውም ደስ የሚያሰኝ ነው። ሽታው ግን ለጌጥ ብቻ የተሰጠው አይደለም፤ ከሽታው ጋር ያለው ዘይት ምስጥንና ብስባሴን የሚከላከል በመሆኑ፣ የጥድ ምሰሶ ሌላው እንጨት ዱቄት ሆኖ ባለቀበት ቤት ውስጥ እንኳ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይገኛል። ሐረጉ ቀጥ ያለ፣ ለቢላዋም የሚመች ስለ ሆነ በኬንያ ለጽሕፈት እርሳስ መሥሪያ ሲቆረጥ ኖሯል፤ የመርማሪው እርሳስና የሚመረምረው ምሰሶ የአንድ ዛፍ ልጆች ሆነው የሚገኙበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ይኸው ቀጥተኛ ሐረግ ግን ለጠጋኙ መዘዝ አለው፤ ጥድ ምስማር ሲመቱበት ይሰነጠቃልና አስቀድሞ መብሳት ያስፈልጋል። ያረጀ ጥድ ደግሞ ቆሞ ሳለ ልቡ በሻጋታ የሚበላበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ከውጭ ሲያዩት የጸና መስሎ ከውስጡ ባዶ የሆነ ግንድ ሊያጋጥም ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። በየከተማው አጥርና በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ጥድ እየተባለ የሚተከለው ሌላ ዛፍ ነው። እርሱ የፈረንጅ ጥድ ነው፤ የሳይንስ ስሙም ኩፕረሰስ ሉሲታኒካ ይባላል። ስሙ የፖርቱጋል አገር ተወላጅ ቢያስመስለውም ትውልዱ ከሜክሲኮና ከማዕከላዊ አሜሪካ ነው። ሁለቱን ለመለየት ፍሬያቸውን ማየት ይበቃል፤ የሐበሻው ጥድ ፍሬ ለስላሳና እንደ ቅንጣት ያለ ሲሆን፣ የፈረንጁ ጥድ ፍሬ ደረቅ፣ የእንጨት ጠባይ ያለውና ሲበስል የሚከፈት ነው። «የጠፋው ምሰሶ በጥድ ይተካ» ተብሎ የተጻፈ የጥገና ሰነድ የትኛው ጥድ እንደ ሆነ ካልገለጸ ምንም አልገለጸም።

የሐበሻው ጥድ በሰሜኑ ደጋ ተመናምኖ ዛሬ በብዛት የሚታየው ከወይራ ጋር በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ያለው የመናገሻ ደን፣ በወግ እንደሚነገረው፣ በ15ኛው መቶ ዘመን በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከሰሜን ሸዋው ከወፍ ዋሻ ዘር ተወስዶ የተተከለ ነው። ወጉ በሙሉ እውነት ሆነም አልሆነም፣ ዛፍ ለወደ ፊቱ ቤት ሲባል አስቀድሞ የሚተከል ነገር መሆኑ በዚያ ዘመን ይታወቅ እንደ ነበር ያመለክታል።

እንጨት በጥንታዊው የኢትዮጵያ ሕንፃ ውስጥ የያዘው ቦታ ከሚታሰበው በላይ ነው። በአክሱም ዘመን የተለመደው አሠራር ድንጋይን በጭቃ እየገነቡ በየመካከሉ አግዳሚ እንጨት ማስተኛት ነበር፤ አግዳሚዎቹን የሚያያይዙት አጫጭር እንጨቶች ጫፋቸው ከግድግዳው ወጣ ብሎ ስለሚታይ የዝንጀሮ ራስ የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያንና ከላሊበላ በስተ ሰሜን በዋሻ ውስጥ በተሠራው በይምርሐነ ክርስቶስ ይኸው አሠራር እስከ ዛሬ ይታያል። እንጨቱ ጌጥ አይደለም፤ ሲሚንቶ የሌለውን ግንብ እንደ መቀነት አስሮ የሚይዘው እርሱ ነው። በዛሬው የሙያ ቋንቋ ቢነገር የብረቱን ሥራ የሚሠራ መሆኑ ነው። ቅርጹም ከመወደዱ የተነሣ በአክሱም ሐውልቶች ላይ የዝንጀሮው ራስ፣ መስኮቱ፣ በሩም ከነመያዣው በድንጋይ ተቀርጾ ይገኛል። ወድቆ የሚገኘው 33 ሜትር ያህል የሚረዝመው ታላቁ ሐውልት በመሠረቱ የእንጨትና የግንብ ቤት ሥዕል ነው። በላሊበላም የቤተ አማኑኤል ጠራቢዎች ከአንድ አለት ሲፈለፍሉ፣ እንጨት በሌለበት የእንጨቱን መስመር ወጣ ገባ እያደረጉ አስቀርተውታል።

አዲስ አበባ ግን የተሠራችው በጥድ ብቻ አይደለም። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለቤትና ለማገዶ ፈጥኖ በማለቁ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማይቱን በቦታዋ ካቆዩዋት ምክንያቶች አንዱ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ከባሕር ማዶ መምጣቱን ስሙ ራሱ ይናገራል። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል፤ ቢቆርጡትም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ሆኖም ሳይደርቅ ሥራ ላይ የዋለ እንደ ሆነ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ለጋ አጣናውንም ምስጥ በቀላሉ ያጠቃዋል። አንድ አሮጌ ቤት ምሰሶው ጥድ፣ ማገሩ ባሕር ዛፍ ሆኖ ሲገኝ ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት አይገባም። የተበላሸው ማገሩ ሆኖ ሳለ ቤቱ ሁሉ እንዳበቃለት የሚቆጠርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ምስጥን በተመለከተ በሰፊው የሚነገረው ነጭ ጉንዳን ነው የሚለው ነው፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። ምስጥ ከጉንዳን ይልቅ ለበረሮ ይዘመዳል። እንጨት የሚፈጭለት በሆዱ ውስጥ በሚኖሩ ደቃቅ ሕዋሳት ረዳትነት ሲሆን፣ ኩይሳ የሚሠሩት አንዳንዶቹ ወገኖች ደግሞ በጎጇቸው ውስጥ ፈንገስ እያለሙ ይመገባሉ። ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይስማማው ከመሬት ወደ እንጨቱ የሚሄደው የአፈር መተላለፊያ እየሠራ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚታየው ቀጭን የአፈር መስመር ይህ ነው። መስመሩን ጠርጎ ቀለም መቀባት ምስጡን አያጠፋውም፤ ምልክቱን ብቻ ያጠፋል። የድሮ ቤት ሠሪዎች የቤቱን እግር በድንጋይ ከፍ ማድረጋቸውና ጎተራን በድንጋይ ላይ ማስቀመጣቸው ከእርጥበት፣ ከምስጥና ከአይጥ ለማራቅ ነበር። በኋላ ዘመን ግቢው ደጋግሞ አፈር እየተደለደለበት ያ ድንጋይ ከተቀበረ ግን ምስጡ ድልድይ ተሠራለት ማለት ነው። ብዙ ወጪ የተመደበለት ጥገና አንዳንድ ጊዜ በአካፋ ሊጀመር ይገባው የነበረ ሆኖ ይገኛል።

የጭቃ ቤት የሚባለው በእውነቱ የእንጨት ቤት ነው፤ እንጨቱ አጥንት፣ ጭቃው ሥጋ ነው። ቋሚዎች ይተከላሉ፤ በማገር ይያያዛሉ፤ ከዚያም ከጭድ ጋር ተቦክቶና በእግር ተረግጦ የሰነበተው ጭቃ መጀመሪያ በምርጊት፣ በኋላም በልስን መልክ ይለበጣል። ለዚህ ሥራ የጤፍ ጭድ የሚመረጠው ቀጭንና ለስላሳ ስለ ሆነ ነው፤ በጭቃው ውስጥ በእኩልነት ይሰራጫል፣ ጭቃው ሲደርቅ የሚመጣውንም ስንጥቅ በታትኖ ያሳንሰዋል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሣ ከ2,500 እስከ 3,000 የሚሆነው ፍሬ አንድ ግራም ብቻ ይመዝናል። በውቂያ ጊዜ ከጭዱ ጋር የሚቀረውም ጥቂት አይደለምና አዲስ በተመረገ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ቡቃያ ብቅ ብሎ ቢታይ ሊያስደንቅ አይገባም። ወለሉና መደቡ በእበት ይለቀለቃል፤ በእበቱ ውስጥ ያለው ያልተፈጨ የሣር ጭረት አቧራውን ይይዛል፣ ገጹንም ያስተካክላል።

እንዲህ ያለው ግድግዳ እርጥበትን ይስባል፣ መልሶም ይተፋል። በላዩ የሲሚንቶ ልስን ሲለበጥበት ግን መተንፈሻ ያጣል፤ ከመሬት የወጣው ውኃ ከሲሚንቶው በስተ ኋላ ይታቆርና ቋሚውን ያበሰብሳል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ግድግዳው ያማረ ነው። ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ እንደ ቅርፊት ሲነሣ ጥፋቱ የጭቃው ነው ይባላል፤ ጥፋቱ ግን ያላመሉ ያለበሰው ሰው ነው። የክዳኑም ጉዳይ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የሣር ክዳን ተዳፋቱ ከፍ ያለ፣ ክፈፉም ሰፊ ስለ ነበር ዝናቡን ከግድግዳው አርቆ ይጥለው ነበር። በተለይም የምድር ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ እየበዛ የመጣው ቆርቆሮ ቀላልና እሳትን የማይፈራ በመሆኑ ብዙ ጥቅም ሰጥቷል፤ ነገር ግን ቆርቆሮ ለመቆጠብ ሲባል ክፈፉ ባጠረበት ቤት ሁሉ ግድግዳው ከእግሩ ጀምሮ ታጥቧል። ክፈፍን በግማሽ ሜትር ማስረዘም ርካሽ ጥገና ነው።

የቤት ዕቃዎችም ለመርማሪው የሚናገሩት አለ። ምጣድ ከሸክላ የሚሠራ፣ ስፋቱ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ዝርግ ዕቃ ነው፤ በሦስት ጉልቻ ላይ ይጣዳል፣ በአክንባሎ ይከደናል፣ እንጀራው እንዳይዝበትም በተወቀጠ የጎመን ዘር ይታሰሳል። ምድጃው ከቤቱ ውስጥ በነበረበት ጊዜ ጢሱ ጣራውን ጥቀርሻ ያለብሰዋል። ጥቀርሻውን እንደ እድፍ ብቻ የሚያይ ሰው አንድ ነገር ይስተዋል፤ ጢሱ የሣሩን ክዳን ያደርቀው፣ ከእንጨቱም ነፍሳትን ያርቅ ነበር። ለዓይንና ለሳንባ ጠንቅ ስለ ሆነ ምድጃው ወደ ውጭ መውጣቱ መልካም ሆኗል። ሆኖም እሳት የጠፋበት ቤት፣ በተለይም ወደ ቤተ መዘክርነት የተለወጠ የሣር ቤት፣ ቀድሞ ያልነበረበት ብስባሴና ነቀዝ ሊጀምረው እንደሚችል ጠጋኙ አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል።

ወይራ ከቤት ዕቃ ጋር ያለው ዝምድና ሌላ ነው። እንጨቱ ጠንካራና ከባድ ስለ ሆነ ለእጀታና ለምሰሶ ይፈለጋል፤ ጢሱ ደግሞ የወተት ቅልና የጠላ ጋን ይታጠንበታል። ጋኑ ከመታጠኑ በፊት በግራዋ ቅጠል ይታጠባል። በአንዳንድ አሮጌ ቤት ጓዳ ወለሉ ላይ ክብ ክብ ሆኖ የጎደጎደ ስፍራ የሚታየው ጋኖቹ ተደግፈው የኖሩበት ነው፤ የቤቱን ካርታ የሚያነሣ ሰው ያን ጉድጓድ በሲሚንቶ ከማስሞላቱ በፊት ቢመዘግበው መልካም ነው። መሶብ ከአክርማና ከስንደዶ ይሰፋል፤ በቀለም የተነከረው አለላም መልክ ይሰጠዋል፤ መሣሪያው ወስፌ ነው። ወስፌ ደግሞ ለሕንፃ መርማሪ ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣል። ምሰሶውን ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ በወስፌ ቢወጉት፣ የጸና እንጨት ጫፉን ብቻ ይቀበላል፤ የበሰበሰው እስከ እጀታው ያስገባል።

ስለ ግንብ ቤቶች የጎንደርን ያህል የሚያስተምር የለም። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ የተሠሩት ግንቦች ድንጋዩ የተያያዘው በኖራ ነው። ኖራ ማለት በሃ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ተቃጥሎ፣ በውኃም ተፈትቶ የሚገኝ ነገር ነው፤ የሚጠነክረው ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት በመመለስ ነው። በመሆኑም ከድንጋዩ ይልቅ ለስላሳ ሆኖ ይኖራል፤ ግንቡ ሲንቀሳቀስ የሚሰነጠቀው ኖራው ነው፣ ድንጋዩ ግን ይተርፋል። በጣልያን ወረራ ዘመን የተደረገው ጥገና በሲሚንቶና በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት ስለ ነበር ከግንቦቹ ጠባይ ጋር አልተስማማም። በኋላም በዩኔስኮ ድጋፍ በተካሄደው ሥራ ያ ሲሚንቶ እየተነሣ በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። አንድን ጥገና ለመጠገን ሁለተኛ ገንዘብ ወጣ ማለት ነው፤ ጎንደር በ1972 ዓ.ም. መግቢያ ግድም በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች።

በዚያው በጎንደር በፋሲል መዋኛ ቅጥር ላይ የዋርካ ወገን የሆኑ ዛፎች ሥራቸውን ዘርግተው ድንጋዩን አቅፈው ይታያሉ። ዘሩን ወፍ በስንጥቅ ውስጥ ይጥለዋል፤ ሥሩ ስንጥቁን እየተከተለ ይወርዳል፣ ሲወፍርም ያሰፋዋል። ቅጥሩን የሚያፈርሰው ዛፉ ነው ተብሎ ቢቆረጥ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ድንጋዩን ጨብጦ የያዘው ሥር ሲበሰብስ በስፍራው ባዶ ጉድጓድ ይቀራል። ለጋው ቡቃያ ሳያድግ በየዓመቱ ይነቀላል፤ ያረጀው ግን ከግንቡ ጋር እንደ አንድ አካል ተቆጥሮ ይጠበቃል። የዚህ ምርጫ ዋጋ አንድ ሰው በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ቅጥሩን ዞሮ እንዲያይ መቅጠር ብቻ ነው፤ በበጀት ሰነድ ላይ ግን መጀመሪያ የሚሰረዘው እርሱ ነው።

እንስሳትም ከሕንፃ ታሪክ አይለዩም። የሐረር ጀጎል ግንብ ጅብ የሚሾልክባቸው ቀዳዳዎች አሉት። በጎንደር ደግሞ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከተማይቱን ሲያቃጥሉ ጣራዋ ከመቶ በሚበልጡ የመላእክት ፊቶች የተሣለችውን ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከእሳት ያዳናት የንብ መንጋ ነው ተብሎ ይተረካል።

ከእሳት ግን ንብ ሁልጊዜ አያድንም። በአዲስ አበባ በ1890ዎቹ ማለቂያ የተሠራው በእቴጌ ጣይቱ ስም የሚጠራው ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በተነሣ እሳት ክፉኛ ተጎድቷል። ስለ እሳት ባለሞያው ሁለት ነገር ማወቅ ይገባዋል። አንደኛው፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ ለጥቂት አምፖሎች ተብሎ በተዘረጋ አሮጌ ሽቦ ላይ ሁለት ምጣድ መቀጠል ምን እንደሚያመጣ ማስላት ለማንኛውም አባል ቀላል ነው። ሁለተኛው፣ ወፍራም እንጨት ሲቃጠል ከላዩ የሚከስለው በደቂቃ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ከሰሉ ራሱ ውስጡን ይከላከልለታል። እሳት ያገኘው ወፍራም ሠረገላ ጥቁር ስለ ሆነ ብቻ አይጣልም፤ ከሰሉ ተፍቆ የቀረው ውፍረት ይለካል፣ ስሌቱም ከዚያ ይጀመራል።

የማይቀር ሆኖ አንድ ቤት ሲፈርስ ደግሞ ከመፍረሱ በፊት መመዝገብ ያለበት ረጅም አይደለም፤ የምሰሶው ዛፍ፣ የማገሩ ዛፍ፣ የጭዱ ዓይነት፣ የክፈፉ ስፋት፣ የድንጋዩ እግር ከፍታ፣ የምድጃውና የጋኑ ስፍራ። ሁለት ሰው በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። የሚወጣው የጥድ እንጨት ለማገዶ ከመሄዱ በፊት በቁመቱና በውፍረቱ ተለይቶ ቢከመር፣ ሌላ አሮጌ ቤት የሚጠግን ሰው ከጫካ አዲስ ጥድ እንዲቆረጥለት አይጠይቅም።

የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን በ1940 ዓ.ም. ገደማ ያደሰው ዴሪክ ማቲውስ የተባለ እንግሊዛዊ የሕንፃ ባለሞያ ነው። አምባው 15 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ገደል የተከበበ ሲሆን፣ ሰውም ዕቃም የሚወጣው በጠፍር እየተሳበ ነው። እንስሳ የተቀረጸበትን የጣራ ሰሌዳ ለማዳን የሚያስፈልገው እንጨት ከሥር የመጣ እንደ ሆነ በዚያው ጠፍር አንድ በአንድ ይወጣል፤ በዚያ ቦታ አሮጌውን እንጨት ያለ ምርመራ የሚጥል ጠጋኝ አይኖርም።